ቤንዚኑን ማን ጠጣው?

በማታው ክፍላችን ከኋላ የሚቀመጡ አንድ የታክሲ ሹፌር አሉ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። እኔ የልጃቸው እኩያ ነኝ። እሳቸው «መምህር» ይሉኛል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

አንድ ማታ ተማሪው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ቆሙ።

«መምህር፣ ሌባ በቁጥር ይያዛል?» አሉኝ።

«እንዴት ማለት ነው ጋሼ?»

ነገሩን አስረዱኝ። መኪናቸው አሮጌ ላዳ ናት። ቀን እሳቸው ይነዳሉ። ማታ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ይነዳል። ቤንዚኑ ግን አይበረክትም። ዛሬ ይቀዳል፣ ነገ የለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ስለቀነሰ ዋጋው ደጋግሞ ጨምሯል። እናም ሰውየው ልጁን ጠረጠሩት። «እየቀዳ ይሸጣል» ብለው ለወንድማቸው ተናገሩ። ወንድማማቾቹ ተኳረፉ።

«አይተውታል?» አልኳቸው።

«አላየሁም። ግን ታዲያ ቤንዚኑን ማን ጠጣው?»

እንግዲህ ቁጥር መጻፍ ተምረዋል። ማካፈልም ጀምረናል። እኔም «ሌላ ሰው ከመጠየቃችን በፊት መኪናዋን እንጠይቃት» አልኳቸው።

መኪና የሚጠየቀው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ታንከሩ ጢም ብሎ ይሞላል። የኪሎሜትር ቆጣሪው ቁጥር በደብተር ይጻፋል። ከዚያ እንደ ልማድ ይነዳል። በመጨረሻም እዚያው ማደያ ተመልሶ እንደገና ጢም ተደርጎ ይሞላል። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር፣ መኪናዋ የጠጣችው ነው ማለት ነው። የተነዳው ኪሎሜትር በሊትሩ ሲካፈል፣ በ1 ሊትር ስንት እንደሄደች ይታወቃል።

ነገር ግን ገና ስንጀምር ችግር ገጠመን። ቆጣሪው አይሠራም! ለካ ገመዱ ከተበጠሰ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የቆጣሪ ገመድ ሆነ። ጋሼ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም ገዙ። ታንከር ለመሙላትም ከጓደኛ ተበደሩ።

አጎትና የወንድም ልጅ መኪናዋን ሲረካከቡ ታንከሯን እየሞሉ ሰጡ፣ ተቀበሉ። እስቲ እናንተም ደብተር አውጡና አብረን እናስላ።

አጎት 88 ኪሎሜትር ነዱ። 11 ሊትር ገባ። 88 ለ11 ሲካፈል 8 ነው።

ልጁ 72 ኪሎሜትር ነዳ። 9 ሊትር ገባ። 72 ለ9 ሲካፈል 8 ነው።

ሁለቱም 8! ልጁ እየቀዳ ቢሸጥ ኖሮ የእሱ ቁጥር ከአጎቱ ያንስ ነበር። ጋሼ ሦስት ጊዜ አካፈሉት። ሦስት ጊዜም ያው 8 ሆነ። ከዚያ ደብተሩን ዘጉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ልጁን በምን ዓይኔ ልየው?» አሉ።

ሌባዋ መኪናዋ ነበረች።

ለመሆኑ መኪና ቤንዚን እንዴት ታባክናለች? ቤንዚን ብቻውን አይነድም። አየር ይፈልጋል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። አየርም ክብደት አለውና በኪሎ ይቆጠራል። በአሮጌ መኪና ቤንዚኑንና አየሩን የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ይባላል። ካርቡሬተር ሞተሩ አናት አጠገብ፣ ከአየር ፊልትሮው ሥር ይገኛል። አየር በጉሮሮው ሲያልፍ ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ ይስበዋል። አየር ካነሰ ወይም ቤንዚን ከበዛ የተረፈው በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ያ ጭስ ገንዘብ ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ አንድ አምስተኛ ይቀላል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ለቆላ ተስተካክሎ ከተሠራ ደጋ ላይም የቆላውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ አዋቂ መካኒክ የቤንዚኑን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ይለውጠዋል። ታዲያ ያቺ መኪና ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዋሽ ከወረደች ቀዳዳው መመለስ አለበት። አለዚያ ቤንዚን ያንሳታል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ይጎዳል። አንዳንዶች ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በመርፌ ይጎረጉሩታል። ይህ ጥፋት ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሲሰፋ ብዙ ይጠጣል። በአየር ንፋስ ብቻ ይጽዳ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ «በቃ ካርቡሬተሩን ልቀይረው» አሉ። ሰፈር ያለ ሰው ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን «ቆይ ጋሼ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው እንጀምር» አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ይስተካከላል፤ ከዚያ ይለካል። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ከተነካ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ከጎማ ጀመርን። ጋሼ ጎማ የሚለኩት በእግራቸው መትተው ነው። ጎሚስታው በመለኪያ ሲያየው ሦስቱ ጎማዎች አየር አንሷቸዋል። የላላ ጎማ መሬት ይይዛል፤ ሞተሩ በከንቱ ይደክማል። ትክክለኛው ልክ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የሚለካውም ጎማው ሳይግል፣ በጠዋት ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። ጥቂት ነድተው ከቆሙ በኋላ እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። ከአራቱ አንዱ ብቻ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። የጋሼ መኪና የኋላ ቀኝ እግሯ ይግል ነበር። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ዝጎ ሸራውን ታምቡሩ ላይ አስሮታል። ስንት ዘመን ፍሬን ይዘው እንደነዱ እግዜር ይወቅ። ሽቦው ተፈታ፣ ጸዳ፣ ቅባት ጠጣ። ሲለካ ከ8 ወደ 9 ወጣ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈትን። ሞተሩ ጠፍቶ የፊልትሮው ክዳን ተነሣ። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ላይ አንዲት ክዳን አለች፤ ቾክ ትባላለች። በብርድ ጠዋት ሞተር ለማስነሣት ትዘጋለች። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ቀጥ ብላ መከፈት አለባት። የጋሼ ቾክ ግማሽ ድረስ ብቻ ትከፈት ነበር። መኪናዋ አፍና አፍንጫዋ በነጠላ እንደታፈነ ሰው ነበረች። ሽቦዋ ተስተካከለ። ፊልትሮውም በአቧራ ደድሮ ስለነበር በአዲስ ተለወጠ። እዚህ ላይ የራሴን ደንብ ጣስኩ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ነካሁ። ስለዚህ የትኛው ይበልጥ እንደረዳ መናገር አልችልም። ቁጥሩ ግን 10 ሆነ።

ካንዴላዎቹም ወጡ። ጫፋቸው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ቤንዚን እንደበዛ የሚመሰክረው ይህ ነው፤ ደህና የሚነድ ካንዴላ ጫፉ ቡናማ ነው። ለላዳ ክፍተቱ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ጋሼ አዲስ ካንዴላ ገዙ። በዚህ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ ያው 10 ነው። ሞተሩ ግን በጠዋት ቶሎ መነሣት ጀመረ።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ሞተሩ እንዳይግል ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ ብዙ ናቸው። ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ብዙ ይጠጣል። በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከተበሳም ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። የቤንዚን ሽታ በመኪናው ውስጥ ከሸተታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እሳት ነው። ቤንዚን ባለበት ሲጋራም ሻማም አይቅረብ። ቤንዚን በአፍ በጎማ መሳብም ክፉ ልማድ ነው፤ ሳንባ ከገባ ይገድላል።

ወረፋ ሲጠበቅ ሞተር ይጥፋ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሬኑ ይደነድናል፣ ይግላል፤ በመጨረሻም እንቢ ይላል። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው።

አሁን እንደገና እናስላ። ሁለቱ በቀን 160 ኪሎሜትር ይነዳሉ። በ8 ሲካፈል 20 ሊትር። በ10 ሲካፈል 16 ሊትር። በቀን 4 ሊትር ተረፈ። በሰፈራችሁ ማደያ ዋጋ ራሳችሁ አባዙት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም። ይችኑ ላዳ ይዘው መቆየታቸው ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ወንድማቸውና ልጁ ፊት ጮክ ብለው አነበቡ። 88 ለ11፣ 8። 72 ለ9፣ 8። «አጠፋሁ» አሉ።

ደብተሩ አሁን በመኪናዋ ኪስ ውስጥ ይኖራል። የቀኑን አጎት ይጽፋሉ፣ የማታውን ልጁ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ልጁ 7ን ሲጽፍ 1 አስመስሎ ስለጻፈ ጋሼ ተቆጥተው አስደገሙት።