በጎጃም ሰማይ የሚፈጠሩት ሙዮንና ኒውትሪኖ፣ በባሕር ማዶ የሚገነቡላቸው ማዕከላት

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያለው የመኪና መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጃፓን ከቶካይ የምርምር ማዕከል ተነሥቶ በካሚዮካ ተራሮች ሥር ወደሚገኝ መመርመሪያ የሚላከው የኒውትሪኖ ጨረርም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ርቀት፣ ማለትም 295 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ ጉዞ ግን ዋሻም ሆነ ቧንቧ ሳያስፈልገው አለት ለአለት የሚከናወን ሲሆን፣ የሚወስደውም ጊዜ የአንድ ሴኮንድ አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው።

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት ነው። ከፀሐይ ብቻ የሚመነጩ ከ60 ቢሊዮን በላይ ኒውትሪኖዎች በየሴኮንዱ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል ስፋት ያልፋሉ፤ ይሁንና ከቁስ አካል ጋር የሚነካኩት ከስንት አንዴ በመሆኑ አይታወቁም። ሙዮን በበኩሉ የኤሌክትሮን ዘመድ ሲሆን በክብደት 207 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ዕድሜው በአማካይ ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ 2.2 ያህል ብቻ ነው።

ሁለቱም ቅንጣቶች በጎጃም ሰማይ ላይ ያለማቋረጥ ይፈጠራሉ። ከሕዋ የሚመጡ ፕሮቶኖች በከፍተኛው ከባቢ አየር ከአየር ጋር ሲጋጩ ፓዮን የተባሉ ቅንጣቶችን ያስገኛሉ፤ እነርሱም ወዲያውኑ ወደ ሙዮንና ኒውትሪኖ ይለወጣሉ። በተራ ስሌት ቢሆን ሙዮን 660 ሜትር ያህል ተጉዞ መፍረስ ሲገባው፣ ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ መሬት ይደርሳል። ምክንያቱ አልበርት አይንስታይን እንዳመለከተው፣ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ለሚጓዝ አካል ጊዜ የሚዘገይ መሆኑ ነው። ብሩኖ ሮሲና ዴቪድ ሆል ይህንኑ ያረጋገጡት እ.ኤ.አ በ1941 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በተለያየ ከፍታ ላይ ሙዮኖችን በመቁጠር ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልኬት የጎጃም መልክዓ ምድር እጅግ አመቺ ነው ማለት ይቻላል። በደጀን ቁልቁለት ግርጌ የሚገኘው የአባይ ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ፣ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። አንዱኑ መቁጠሪያ በሦስቱም ሥፍራዎች ቢያኖሩት ቁጥሩ ከሥፍራ ሥፍራ ከፍ እያለ ይሄዳል። መሣሪያውም ሙዮን ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ልዩ ፕላስቲክ፣ የብርሃን መቀበያና የኤሌክትሮኒክስ መቁጠሪያ ያለው ሲሆን፣ ተማሪዎች ሊገጣጥሙትና በአንድ ፒክአፕ መኪና ሊጫን የሚችል ነው።

ቅንጣቶቹ በነጻ የሚገኙ ከሆነ ግዙፍ ማዕከላት መገንባታቸው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከሰማይ የሚመጡት መቼ፣ ከየትና በምን ኃይል እንደሚደርሱ አስቀድሞ አይታወቅም። ቅንጣት አፋጣኝ ወይም አክስለሬተር የተባለው መሣሪያ ግን ፕሮቶኖችን አፋጥኖ ከግራፋይት ጋር በማጋጨት ያንኑ የሰማይ ሂደት በተወሰነ ሰዓትና አቅጣጫ ይደግመዋል። ከግጭቱ የሚገኙት ሙዮኖች በአለት ተውጠው ሲቀሩ ኒውትሪኖዎቹ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ኒውትሪኖ ሦስት ዓይነት ሲሆን በጉዞ ላይ ዓይነቱን ይለዋውጣል፤ ይህን ያረጋገጡት ታካኪ ካጂታና አርተር ማክዶናልድ እ.ኤ.አ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቀሪው ጥያቄ ኒውትሪኖና ተቃራኒ ጥንዱ የሚለዋወጡት በተለያየ መንገድ ነወይ የሚለው ነው። መልሱ ዓለማችን ከቁስ አካል ተሠርታ የቀረችበትን ምክንያት ለመረዳት ሊያግዝ እንደሚችል ይታመናል።

ጥያቄውን ለመመለስ ሁለት ማዕከላት በግንባታ ላይ ይገኛሉ። የጃፓኑ ሃይፐር ካሚዮካንዴ 260 ሺህ ቶን ያህል ውኃ የሚይዝ ሲሆን እ.ኤ.አ በ2028 ገደማ ሥራ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ዱን የተሰኘው የአሜሪካው ፕሮጀክት በበኩሉ በቺካጎ አቅራቢያ ከሚገኘው ፌርሚላብ 1300 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የቀድሞ የወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ ከመሬት በታች 1.5 ኪሎ ሜትር ላይ ፈሳሽ አርጎን የሚሞሉ ግዙፍ መመርመሪያዎችን ይተክላል። የዋሻዎቹ ቁፋሮ እ.ኤ.አ በ2024 ተጠናቋል።

የሙዮን ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሙዮኖችን እርስ በርስ የሚያጋጭ ማዕከል የመገንባት ሐሳብ ቢኖርም ቅንጣቶቹ ሳይፈርሱ ሰብስቦ ማፋጠን ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ዘዴ በእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2020 ታትሟል። ዲዛይኑ በዓለም አቀፍ ትብብር እየተጠና ሲሆን ግንባታው እስካሁን አልተፈቀደም።

እነዚህ ማዕከላት ለዐሥርተ ዓመታት የሚያገለግሉ በመሆናቸው ዛሬ 9ኛ ክፍል የሚገኝ ተማሪ ዲግሪውን ሲይዝ በሥራ ላይ ያገኛቸዋል። የሚገባባቸው በር ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የሰለጠነ ሰው ነው፤ ከአፍሪካ የማዳጋስካሩ አንታናናሪቮ ዩኒቨርሲቲ በዱን ትብብር ውስጥ ይሳተፋል። እ.ኤ.አ በ2010 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የፊዚክስ ሥልጠናም ለአህጉሩ ተማሪዎች ክፍት ነው።

ሙያው ለአገር ውስጥ አገልግሎትም የቀረበ ነው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና የሚውለው ሊኒየር አክስለሬተር ኤሌክትሮኖችን የሚያፋጥን ትንሽ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ከጎጃም ተነሥቶ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ የሚመጣ ሕመምተኛ የሚሰጠውን መጠን አስልቶና ለክቶ የሚያረጋግጠውም የፊዚክስ ባለሙያ ነው።