በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የቡድን የእግር ጉዞ

ቅዳሜና እሁድ ተሰባስቦ ሐይቅ ለሐይቅ፣ ጫካ ለጫካ በእግር መጓዝ በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። ብዙዎች «ሃይኪንግ» ይሉታል። የአዳማ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ማለዳ ተነስቶ በሞጆ በኩል በዝዋይ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ባቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወርዶ መመለስ ይችላል። ይሁንና እነዚህ ሐይቆች ጎን ለጎን ቢሆኑም ውሃቸው አንድ አይደለም። ለጉዞ የሚነሳ ቡድን ከጫማና ከቦርሳ በፊት ማወቅ ያለበት የሚሄድበትን ሐይቅ ጠባይ ነው።

የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ከፍታዎች፣ የቀታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርደው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል፤ የላንጋኖ ትርፍም በሆራ ከሎ በኩል እዚያው ይደርሳል። አቢጃታ ግን መውጫ የለውም። የገባው ውሃ በፀሐይ ይተናል፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ሻላም እንዲሁ መውጫ የሌለው ነው። ስለዚህ ዝዋይ ጨው አልባ ሲሆን አቢጃታና ሻላ ለሰው የማይጠጡ ናቸው።

ዝዋይ ጨው የለውም ማለት ግን ይጠጣል፣ ይገባበታል ማለት አይደለም። ቄጠማና ደንገል በበዛበት ዳርቻ የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ እግርን ማጠብ እንኳ ይቅርባችሁ። በባቱ ወደብ ዓሣ አጥማጆች በሚጥሉት ፍርፋሪ ዙሪያ የሚሻሙትን ፔሊካኖች እያዩ በደረቁ መጓዝ ይበቃል። በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻግሮ የዛይ ሕዝብን መንደሮችና ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳምን መጎብኘት ደግሞ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ግሩም ጉዞ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ ጠዋት ተሳፈሩ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብሱም አትነሱ።

ለአዳማ እጅግ የሚቀርበው ቆቃ ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በተሠራው ግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። አዞና ጉማሬ አለበት፤ ውሃውም አንዳንድ ጊዜ መርዛማ አልጌ አብቦበት አረንጓዴ ይሆናል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ በከፍታው መጓዝ ይሻላል።

እኔ ለቡድን ጉዞ የማስቀድመው የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ግማሽ የሚያህለው ውሃ ነው። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን የፊቄ ተራራ የወጣ ሰው በአንድ በኩል ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር የሚደርሰውን ሻላን፣ በሌላ በኩል ዓመት ከዓመት እየሸሸ ያለውን አቢጃታን ያያል። አቢጃታ የሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚወሰደው ውሃ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት የተቀዳው አክስሞታል። ውሃው ሲያንስ ሶዳው በረታ፣ ዓሣውም ጠፋ። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች አሁን ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ይበራሉ። ይህን በእግሩ ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ የተረዳ ሰው ስለ ውሃ አጠቃቀም ሲነገር ጆሮውን ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

የሸሸው ዳርቻ ግን አሳሳች ነው። ከላይ የደረቀ የሚመስለው ነጭ መሬት ከስር ጭቃ ነው፤ ሰውም መኪናም ይሰምጥበታል። በሻላ ዳር ባሉት ፍል ውሃዎች ዙሪያም መሬቱ ስስ ነው። ስለዚህ የፓርኩን ስካውት ከፊት አስቀድሙ፤ እሱ የረገጠውን ርገጡ።

ደን ለሚፈልግ የላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ አለ። ትልልቅ ሾላዎችና ዋርካዎች ጥላ ይሰጣሉ፣ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ውሃው ደለል ስለያዘ ቡናማ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዋኝበትም ይህ ሐይቅ ነው። ጉማሬዎች ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዳርቻው ራቁ።

ስለ ቡድኑ አካሄድ ጥቂት ልበል። የሚወስነው ደካማው ሰው ነው፤ ፍጥነቱ በእሱ ይለካ። አንድ መንገድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላ ይሁኑ፤ ከኋለኛው ሰው ወደ ኋላ የሚቀር አይኑር። መነሻና መመለሻ ላይ ሰው ይቆጠር። በሸለቆው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይበረታልና ንጋት 12 ሰዓት ላይ መጓዝ ጀምሩ። ከሐይቅ ስለማይጠጣ ውሃ ከቤት ይያዝ፤ ለግማሽ ቀን ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር አያንስ። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ ወይም የአርሲው ጭኮ አይበላሽም፣ ጉልበትም ይሰጣል። ከክረምት መውጫ በኋላ ወባ ስለሚበዛ፣ የምታድሩ ከሆነ አጎበር አትርሱ።

መንገዱ የሰው እርሻና ግጦሽ ነው። እረኛም ሽማግሌም ስታገኙ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» (እንዴት አደራችሁ) ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ በሰብል መካከል አትለፉ። አስጎብኚና ጀልባ ቀዛፊ ከዚያው መንደር ቅጠሩ፤ ዋጋውንም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።