ዋነኛው ተጫዋች የጐደለበት ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ቡድን

የቅርጫት ኳስ ወዳዶች ስለ አንድ ብሔራዊ ቡድን ሲነጋገሩ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ሰው ይመለሳል። «እሱ ከሌለ ቡድኑ ምን ይሆናል?» ይባላል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በመቀነስ ሒሳብ ነው፤ ይኸውም ዋነኛው ተጫዋች በየጨዋታው 20 ነጥብ የሚያገባ ከሆነ፥ እሱ በቀረ ቀን ቡድኑ 20 ነጥብ ይጐድልበታል የሚል ነው። ይህ ሒሳብ ለአፍ የቀለለ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ኮከቡን ያጣ ቡድን በእርግጥ የሚያጣው ምን እንደሆነና ጉድለቱንም በምን እንደሚሞላው ነው። ለምርመራው የመረጥነው ዋና ምሳሌ የስፔን ቡድን በ1998 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2006) በጃፓን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የገጠመው ነው።

በመጀመሪያ የጨዋታውን ሕግ እንመልከት። በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚሰለፉት 5 ሰዎች ስለሆኑ አሠልጣኙ ለተጫዋቾቹ የሚያካፍለው ጊዜ በድምሩ 200 ደቂቃ ይሆናል። ኮከብ የሚባለው ሰው ከዚህ ውስጥ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ 30 ያህሉን ነው። እነዚህ ደቂቃዎች እሱ ቢቀር ባዶ አይሆኑም፤ ሌላ ሰው ይገባባቸዋል። እሱ ይወረውራቸው የነበሩት ኳሶችም ሳይወረወሩ አይቀሩም፤ ምክንያቱም ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ግዴታው ነው። ስለዚህ የሚጐድለው የውርወራው ብዛት ሳይሆን ጥራቱ ነው።

ጥራቱ የሚቀንስበት መንገድ ግን ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቶሎ አይታየውም። ረጅምና ብልኅ የሆነ ተጫዋች ከቅርጫቱ አጠገብ ኳስ ሲቀበል ከተቃራኒው ወገን ሁለት፥ አንዳንዴም ሦስት ሰዎች ይከቡታል። ሁለት ሰው በአንድ ሰው ላይ ከዋለ ደግሞ ከአራቱ ጓደኞቹ አንዱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ያ ሰው የሚያገባው ነጥብ በመዝገብ የሚጻፈው በራሱ ስም ነው፤ ይሁን እንጂ የድካሙ እኩሌታ የኮከቡ ነው። እንግዲህ ኮከቡ ሲጐድል የመጀመሪያው ጉዳት የሚታየው በጓደኞቹ ነጥብ ላይ ነው፤ ትናንት ተዝናንቶ ይወረውር የነበረው ሰው ዛሬ የጠባቂ እጅ ፊቱ ላይ እየተዘረጋበት ይወረውራል። ሁለተኛው ጉዳት በ24ቱ ሰኮንድ መጨረሻ ይመጣል። ቅብብሉ ሁሉ አልሳካ ባለ ጊዜ «እንካ፥ አንተው እንደ ምንም አድርገው» ተብሎ ኳሱ የሚሰጠው ሰው አይገኝም።

ክለብ እንዲህ ያለ ጉዳት ቢደርስበትና ገንዘብ ቢኖረው ሌላ ተጫዋች ያስፈርማል። ብሔራዊ ቡድን ግን ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ያስመዘገባቸውን 12 ሰዎች መለወጥ አይችልም፤ መድኃኒቱን መፈለግ ያለበት ከቀሩት 11 ውስጥ ነው።

የስፔን ቡድን ወደ ጃፓን ሲሄድ ዋነኛ ተጫዋቹ ፓው ጋሶል ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ሰው በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለሜምፊስ ክለብ ይጫወት ነበር፤ በዓለሙ ሻምፒዮናም በየጨዋታው በአማካይ ከ20 ነጥብ በላይ ያገባ ነበር። ነሐሴ 26 ቀን በሳይታማ ከተማ ስፔን በግማሽ ፍጻሜ ከአርጀንቲና ጋር ተገናኘች። አርጀንቲና ከሁለት ዓመት በፊት በአቴና ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ የወሰደች ናት። ጨዋታው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው የጋሶል የግራ እግር አጥንት ተሰበረና ከሜዳ ወጣ። ስፔን 75 ለ 74 አሸነፈች፤ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች አርጀንቲናዊው ኖቺዮኒ ከጥግ የወረወረው ኳስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ምሳሌ ማንም ባላነሣው ነበር።

ለፍጻሜው የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ተጋጣሚዋ ደግሞ በዚያው ዕለት አሜሪካን 101 ለ 95 ያሸነፈችው ግሪክ ነበረች። ግሪኮች አሜሪካኖችን ያደከሙበት ዘዴ በጣም ቀላል ነበር፤ አንድ ግዙፍ ተጫዋች የባለኳሱን ጠባቂ በገላው ይከልለዋል፥ ባለኳሱ በክፍተቱ ያልፋል፥ ግዙፉም ወዲያው ወደ ቅርጫቱ ዞሮ ኳስ ይጠብቃል። ይህን ዘዴ ለመከላከል ረጃጅሞቹ ሳይቀሩ ወደ ውጭ እየሮጡ ወጥተው እየሮጡ መመለስ አለባቸው።

ነሐሴ 28 ቀን የሆነውን ቍጥሩ ራሱ ይናገራል። እስከ ዕረፍት ድረስ ስፔን 43 ለ 23 መራች፤ በመጨረሻም 70 ለ 47 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ብዙ ሰው ከዚህ ጨዋታ የሚያስታውሰው ጋርባሆሳና ናቫሮ እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ማግባታቸውን ነው። በኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቍጥር 47 ነው። ከሁለት ቀን በፊት 101 ነጥብ ያገባ ቡድን ግማሹን እንኳ ማግባት አልቻለም። ስፔን የጋሶልን ነጥብ በሌላ ነጥብ ልተካ ብላ አልተነሣችም፤ ነጥብ የሚያስፈልጋትን መጠን ራሱን ዝቅ አደረገችው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በመጀመሪያ፥ ማጥቃት ተሰጥኦ ሲጠይቅ መከላከል ከሁሉ በፊት ጉልበትና መግባባት ይጠይቃል፤ ጉልበት ደግሞ በ11 ሰው መካከል ሊከፈል ይችላል። ሁለተኛ፥ አንድ ተጫዋች 5 ፋውል ከፈጸመ ከጨዋታው ስለሚወጣ፥ ኮከብ ያለው ቡድን ኮከቡን ከፋውል ለማዳን ሲል መከላከሉን ማለዘቡ አይቀርም። በዚያ ምሽት ግን ለነገ የሚቈጠብ ሰው አልነበረም። ሦስተኛ፥ ጋርባሆሳ ረጅም ሆኖ ሳለ ከሩቅ የሚወረውር ስለሆነ የግሪክ ረጃጅሞች ከቅርጫቱ ርቀው እንዲጠብቁት ተገደዱ፤ በዚያን ጊዜ የ3 ነጥቡ መሥመር 6 ሜትር ከ25 ላይ ነበር። በአሜሪካኖች ላይ ብርቱ ለነበረው ለግዙፉ ሾርትሳኒቲስ ደግሞ የ21 ዓመቱ ማርክ ጋሶል፥ የፓው ታናሽ ወንድም፥ ተመደበበት። ማርክ ወደ ቡድኑ የገባው ሌላ ተጫዋች ስለ ታመመ በምትኩ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ምክንያት ግን ከሁለቱ ቀናት በፊት የተዘጋጀ ይመስለናል። በ1991 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1999) በሊዝበን ስፔን በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አሜሪካን አሸንፋ ነበር። ከዚያ ቡድን ናቫሮ፥ ሬዬስ፥ ካቤሳስና ቤርኒ ሮድሪጌስ በሳይታማም ነበሩ። ፓው ጋሶልም በሊዝበን ነበር፤ ይሁን እንጂ ኮከብ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ያለ እሱ መሪነት መጫወትን ከሰባት ዓመት በፊት ያውቁት ነበር ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ጠቅሶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ተረቱ ግን ድሩ ማበሩን እንጂ መቼና እንዴት እንደ ተፈተለ አይነግረንም።

የስሜቱ ነገርም ሊረሳ አይገባም። ተጫዋቾቹ «ፓውም ይጫወታል» የሚል ቃል የተጻፈበት ካናቴራ ለብሰው ነበር። አሠልጣኙ ፔፑ ኤርናንዴስ በፍጻሜው ዋዜማ የአባታቸውን መሞት ሰምተው ለተጫዋቾቻቸው ሳይነግሩ ወደ ሜዳ ወጡ። እንዲህ ያለ ስሜት ለአንድ ምሽት ብርቱ ኀይል ነው፤ ለአንድ ወር የሚበቃ ግን አይመስለንም።

ስለዚህም አንዳንዶች «ስፔን ያለ ጋሶል ትሻላለች» ሲሉ የሰጡት ፍርድ የችኰላ ነው። ከፍጻሜው በፊት የነበሩትን ጨዋታዎች ሁሉ ያሸነፈችው ከሱ ጋር ነው፤ የሻምፒዮናው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመውም እሱ ነበር። በመስከረም 2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2007) በማድሪድ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ፍጻሜ ስፔን ጋሶልን አሰልፋ በሩስያ 60 ለ 59 ተሸንፋለች፤ የመጨረሻውን ኳስ ወርውሮ የሳተውም ጋሶል ነው። በአንድ ኳስ መሳት ግን ሰው አይመዘንም።

ጉድለቱ ድንገተኛ ሳይሆን አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2015 ዓ.ም. (በአውሮፓ 2023) የዓለም ዋንጫ ሰርቢያ ኒኮላ ዮኪችን፥ ግሪክ ደግሞ ያኒስ አንቴቶኩምፖን ሳይዙ ቀረቡ። ሰርቢያ በቦግዳን ቦግዳኖቪች እየተመራች ለፍጻሜ ደርሳ በጀርመን 83 ለ 77 ተሸነፈች፤ ግሪክ ሩብ ፍጻሜ እንኳ ሳትደርስ ተመለሰች። እንደሚመስለን ልዩነቱ ያለው በኮከቦቹ አጨዋወት ነው። ዮኪች ኳስ አቀባይ ነው፤ አቀባይ የሠራው ቡድን የማቀበል ልማዱ አብሮት ይቀራል። የአንቴቶኩምፖ ኀይል ግን ወደ ቅርጫቱ ሰንጥቆ መግባቱ ነው፤ እሱ ሲቀር ያን የሚወርስ አይገኝም።

ያን ዋንጫ የወሰደችው ጀርመንም ፈተናውን ቀምሳለች። ፍራንዝ ቫግነር በመጀመሪያው ጨዋታ ቍርጭምጭሚቱን ተጐድቶ አራት ጨዋታ ቀረ፤ ጀርመን አራቱንም አሸነፈች። ቫግነር በሩብ ፍጻሜ ከላትቪያ ጋር ሲመለስ ግን ሌላው ኮከብ ዴኒስ ሽሮደር በሜዳ ላይ እያለ ጠፋ፤ ከወረወራቸው 26 ኳሶች 4 ብቻ አገባ። ጀርመን 81 ለ 79 አሸነፈች፤ ሽሮደርም ከጥቂት ቀን በኋላ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።