ተከፍሎበት የማይሠራው ሁለተኛ መስመር

በምርት ገበያው በኩል የሚሸጥ የቴፒ ቡና ቦንጋ ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል፤ ዋጋው ግን የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነው። ግብይቱ በ2000 ዓ.ም. ሲጀመር ገዥና ሻጭ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይስማሙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ኮምፒዩተር ከዞረ ወዲህ ፍጥነቱ ሌላ ነው። በቴፒ፣ በሚዛንና በቦንጋ ቢሮ የከፈተ አቅራቢ መስመሩ ሲቋረጥበት የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ እሸት ይገዛል። ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎች መፍትሔ የሚሉት ሁለተኛ መስመር መግዛትን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ቴፒና ሚዛን ሁለቱም ከቦንጋ ጋር ተገናኝተው ሳለ፣ በመካከላቸው ባለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ሌላ መስመር ይጨመራል። የቴፒና የቦንጋ መስመር ቢበጠስ መረጃው በሚዛን ዞሮ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። መሄድ አለመሄዱን ግን የሚወስነው የራውተሩ አሠራር ነው።

ራውተር መረጃ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ የሚወስን ዕቃ ነው። ኦኤስፒኤፍ በተባለው ፕሮቶኮል የሚሠሩ ራውተሮች ደላላ ናቸው ቢባል ያስኬዳል፤ ያለማቋረጥ ወሬ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ የራሱን መስመሮች ለሌሎቹ ያስታውቃል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ፣ አጭሩን መንገድም እያንዳንዱ ራሱ ያሰላል። በተለመደው አሠራር በየ10 ሴኮንዱ «አለሁ» ይባባላሉ፤ ጎረቤት 40 ሴኮንድ ዝም ካለ እንደሞተ ተቆጥሮ ካርታው እንደገና ይሠራል።

ራውተር ሲበዛ ካርታው ይከብዳል። ስለዚህ ኔትወርኩ ኤሪያ በሚባሉ ቀጠናዎች ይከፈላል፤ አንድ መስመር በተነሳና በወደቀ ቁጥር ካርታውን ከሥሩ የሚያሰላው የዚያው ቀጠና ራውተር ብቻ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ማንኛውም ቀጠና ከኤሪያ 0፣ ማለትም ከጀርባ አጥንቱ ጋር መያያዝ አለበት። ከቀጠና ወደ ቀጠና የሚሄድ ሁሉ በዚያ ያልፋል።

ወጥመዱም ይኸው ነው። አዲስ አበባ፣ ጅማና ቦንጋ ኤሪያ 0 ሆነው፣ ባለሙያው እንዲህ ያምራል ብሎ ቴፒን ኤሪያ 1፣ ሚዛንን ኤሪያ 2 ቢያደርግ፣ ሚዛን የኤሪያ 0 አባል ስላልሆነ የቴፒን መንገድ ወደ ቦንጋ አያሻግርም። መስመሩ አለ፣ ኪራዩ በየወሩ ይከፈላል፣ ቴፒ ግን ከአዲስ አበባ ተቆርጧል።

ቴፒና ሚዛን በአንድ ኤሪያ 1 ቢገቡ ችግሩ አይኖርም፤ ከቦንጋ የሚወጡት ሁለት መስመሮችና የመካከለኛው ተጋጥመው ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። እንዲያውም አምስት ስድስት ራውተር ላለው ነጋዴ ሁሉንም ኤሪያ 0 ማድረግ ይበቃዋል። ቀጠና የሚያስፈልገው በየወረዳው መፈልፈያና መግዣ ጣቢያ በብዛት ላለው ነው። ለትንሽ ድርጅት ቀጠና ከፍሎ ተጨማሪ ሂሳብ የሚያቀርብ ባለሙያ ምክንያቱን ይጠየቅ።

በርክክቡ ቀን ወረቀቱን ብቻ አይመኑ። ወደ ቦንጋ የሚሄደውን ገመድ ከቴፒው ራውተር አስነቅለው 1 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አዲስ አበባ ካልመለሰ ቀሪውን ክፍያ አይልቀቁ። የቦንጋው ራውተር ደግሞ መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው፤ እሱ ከጠፋ ሁለቱም ከተሞች አብረው ይጠፋሉ።