የኮምፒውተር መዘግየትና የማስታወሻ «ገጾች» አሠራር

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት ከተዘረጋ ወዲህ ኮምፒውተር በላስታም ሆነ በሌሎች ወረዳዎች የጽሕፈት ቤት ሥራ አካል ሆኗል። በርካታ ሰነዶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ግን ሥራው ሲጓተት ይስተዋላል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የማስታወሻ (ሜሞሪ) ጥበት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማስታወሻውን በተለምዶ 4,096 ባይት በሚይዙ ገጾች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን አድራሻ በሠንጠረዥ ይመዘግባል። ቦታ ሲጠብ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለጊዜው የማይፈለገውን ፋይል ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ እንደሚመልስ ሁሉ፣ ገጾቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ያዛውራል። ዲስክ ከማስታወሻ እጅግ የዘገየ በመሆኑ ሥራው ይጓተታል።

ወደ ዲስክ የተዛወረ ገጽ ግን የተቀመጠ ሰነድ አይደለም፤ መብራት ቢቋረጥ ያልተቀመጠው ደብዳቤ ይጠፋል። ስለሆነም ሰነድን በየጊዜው ማስቀመጥ፣ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን መዝጋትና አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት ማስታወሻ መጨመርን ማጤን ይገባል።