ሳተላይት የሐይቅን ሆድ ያያል?

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዋናውን አስፋልት ይዘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ዘንገና ይገኛል። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው። ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 166 ሜትር ይጠጋል፤ በአገራችን ከሻላ በቀር የሚበልጠው የለም ይባላል። አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ውሃውን እንጂ ወለሉን አያይም። በ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፈው ሳተላይት፣ ሴንቲኔል-2፣ ምን ያያል?

የውሃን ወለል ከሰማይ የማንበብ ሙያ ያደገው በሞቃት ባሕሮች ዳር ነው። ነገሩ በብርሃን ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ቀዩ ብርሃን ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ከቀይ ባሻገር ያለው፣ ዓይናችን የማያየው ደግሞ ገና ከላይ ይዋጣል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ግን በጠራ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ወለሉን ነክተው ይመለሳሉ። የሁለቱ ልዩነት ሲሰላ ጥልቀቱ ይገመታል፤ ከዚያም ወለሉ አሸዋ፣ የባሕር ሣር ወይም ኮራል መሆኑ ይለያል። የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች እ.ኤ.አ. በ2008 በነጻ ከተለቀቁ ወዲህ ሥራው ለብዙ ተመራማሪ ተዳርሷል። በ2021 ደግሞ የዓለም ጥልቀት የለሽ ኮራሎች ካርታ ተጠናቀቀ። ባሕር የሌለን እኛ ዳርቻችንን መፈለግ ያለብን በሐይቆቻችን ነው።

ዘንገና ላይ ዘዴውን እንሞክረው። በሴንቲኔል-2 ምስል ላይ እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር 100 ነጥብ ያህል ይሆናል። አያንስም። ችግሩ ግን ገደሉ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ብርሃን ወለሉን የሚነካበት ዳርቻ ጠባብ መሆኑ ነው። ይህ ዳርቻ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ውስጥ ከዛፉና ከጥላው ጋር ይቀላቀላል። መሐሉ እንዲያው ጥቁር ነው።

ጣና ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ወለሉ ቅርብ ነው፤ ውሃው ግን ደፍርሷል። ከግሽ ዓባይ የሚነሳው፣ ከዳንግላ በኩል የሚወርዱ ወንዞችም የሚገቡበት ግልገል ዓባይ፣ በክረምት አፈር ተሸክሞ ይደርሳል፤ በምስሉ ላይ ቡናማ ምላስ መስሎ ሐይቁ ውስጥ ሲዘረጋ ይታያል። እንግዲህ ዘንገና በጥልቀቱ፣ ጣና በድፍርስነቱ ወለላቸውን ይሸሽጋሉ።

ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚያዋጣው ከውሃው በላይ ብቅ ያለውን መከታተል ነው። ለምለም ቅጠል ውሃው የሚውጠውን የማይታይ ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በምስሉ ላይ ደምቆ ይወጣል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው የእምቦጭ አረም በዚህ መንገድ ነው በካርታ የሚነሳው። ግን ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እንደዚያው ይደምቃል። በአንድ ቀን ምስል ብቻ ሁለቱን የሚለይ ሰው ካለ እጠራጠራለሁ። የተከታታይ ቀናት ምስል ሲደረደር ግን ደንገሉ ሥር ሰዶ ባለበት ሲቆም እምቦጩ በነፋስ ሲንሳፈፍ ይያዛል። የክረምት ደመናም ሌላ ጣጣ ነው፤ ለእሱ ደመናን የሚያልፈው የሴንቲኔል-1 ራዳር አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የራሳችን ሳተላይት ኢትሪኤስኤስ-1 ካሜራ እንጂ ራዳር አልነበራትም።

በውሃ ላይ ካልተረጋገጠ ካርታው ሁሉ ግምት ነው። ልኬቱን ደግሞ የአካባቢው ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ዳንግላ ወረዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውሃን ሲለኩ፣ ተመራማሪዎች ፈትሸው ልኬታቸው ከመደበኛ ጣቢያዎች የማያንስ ሆኖ አግኝተውታል። ለዘንገናም አንድ ጀልባ፣ በየሜትሩ የታሰረ ገመድና ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን ይበቃል፤ ሳህኑ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ሳተላይቱ እስከየት እንደሚያይ ይናገራል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሐይቁ ደጃችሁ ነው፤ ምስሉም በየአምስት ቀኑ በነጻ ይመጣል።