የጭቃ ግድግዳና የሲሚንቶ ካባ፤ ስለ አሮጌ ቤት እድሳት ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በአራዳና በዙሪያዋ ባሉት ሰፈሮች፣ ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ደርቡ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ፣ በጣውላ ሰገነት ተከብቦና ቆርቆሮ ለብሶ የቆመ ቤት ከአባቱ የወረሰ ሰው፣ እድሳት ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «በሲሚንቶ አስለስነው፤ ይጸናልሃል» የሚል ነው። ይህን የሚመክሩት ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ሲሚንቶ ድልድይና ግድብ ሲያቆም ያዩ፣ የጭቃውንም ግድግዳ እንዲሁ ያቆማል ብለው ከልባቸው ያመኑ ሰዎች ናቸው። እኔም አምኜ ነበር። የወላጆቼን ቤት የደርቡን ግድግዳ የዶሮ ሽቦ አስመትቼ በሲሚንቶ ባስለሰንሁ በአራተኛው ክረምት፣ በእርጅና ምክንያት ሥራ የተዉ አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን መጥተው በጣታቸው አንጓ ቢመቱት፣ ግድግዳው እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ፤ ልስኑ በተነሣ ጊዜም ማገሩ በእጅ የሚፈረፈር ሆኖ፣ ቋሚውንም ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት ተገኘ።

ነገሩን ከሥሩ ለማስተዋል የጭቃ ቤትን ባሕርይ ማወቅ ይገባል። ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተሠራ ብለው እንደሚያስተምሩ፣ የጭቃ ቤትም የእነዚሁ የአራቱ ሥራ ነው፤ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ተቦክቶና ሰንብቶ በማገሩ ላይ ይመረጋል፣ ነፋስ ያደርቀዋል፣ የምድጃውም እሳት በጢሱ ነፍሳትን ያርቅለታል። እንዲህ ያለው ግድግዳ በክረምት እርጥበትን ይጠጣል፣ በበጋም መልሶ ይተፋዋል። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ፣ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድባት ከተማ ውስጥ እነዚያን ቤቶች ብዙ ዘመን ያቆማቸው ይኸው መጠጣትና መትፋት ነው። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲሰበሰብ አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል፤ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የገባው ውኃም በልስኑ ተጋርዶ መውጫ ያጣል። ከዚያ ወዲያ ጭቃው ይላላል፣ የባሕር ዛፉ ማገር ይበሰብሳል፣ እርጥብና ጨለማ የሚወደው ምስጥም ከመሬት ተነሥቶ ማንም ሳያየው ይወጣል። ከውጭ ሲያዩት ግን ቤቱ የታደሰ ይመስላል፤ ክፋቱም ይህ ነው።

የቀደሙት ሰዎች መልስ ኖራ ነበር። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ የታሰረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተዋሕዶ በግድግዳ ላይ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከነፋስ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ ቢሆንም እርጥበትን ያሳልፋል፣ ከጭቃውም ጋር ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል። የጎንደር አብያተ መንግሥት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የተደረገው ጥገና ለጥንቱ ግንብ የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከጊዜ በኋላ በኖራ ምርጊት እየተተካ እንዲታረም ተደርጓል።

ስለዚህ የጭቃ ግድግዳ የሚያድስ ሰው ሥራውን በበጋ ይጀምር፤ የላላውን ያንሣ፣ የበሰበሰውን ማገር ይለውጥ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይምረግ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይታገሥ፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን በጥቂቱ አርጥቦ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ አድርጎ በስሱ ያስለስን፣ ለጥቂት ቀናትም ከፀሐይ ይጋርደው። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ከሲሚንቶ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ከፍዬባቸዋለሁና የትኛው እንደረከሰ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ተረት «ግድግዳው ከታች ቢረጥብ የዘይት ቀለም ቀብተህ ዝጋው» የሚለው ነው። የዘይት ቀለም እርጥበቱን አያጠፋውም፤ ወደ ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ብቻ ያደርገዋል፤ ነጩ የጨው ዱቄትም ቀለሙን ከኋላ እየገፋ ያነሣዋል። አሮጌ ቤት ሲረጥብ አስቀድሞ የሚመረመረው ውጭው ነው፦ አሸንዳው የተቀደደ ወይም በቅጠል የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ግቢውም በየጊዜው አፈርና ድንጋይ እየተደለደለበት ከፍ ብሎ የድንጋዩን መሠረት የቀበረው እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ብዙ ጊዜ አካፋና አንድ አዲስ አሸንዳ ከአሥር ጋሎን ቀለም ይበልጣሉ። ወፍራም ግድግዳ ግን ምክንያቱ በተወገደለት ማግስት አይደርቅም፤ ከዓመት በላይም ሊወስድ ይችላል፤ ደረቀ ብሎ የሚቸኩል ሰው ድካሙን ያባክናል።

የጣውላው ወለል ሲንጫጫ «እንጨቱ አርጅቷል፤ ነቅለህ ሊሾ አድርገው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው እንጨቱ ሳይሆን ሚስማሩ ነው። እንጨቱ የበሰበሰ እንደ ሆነ ግን ምክንያቱ የሚፈለገው ከታች ነው፤ በመሠረቱ ድንጋይ መካከል የተተዉት ቀዳዳዎች ከወለሉ በታች ነፋስ እንዲመላለስ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አይጥና ብርድ እንዳይገባ ተብለው በተደፈኑበት ቤት ሁሉ ወለሉ ይበሰብሳል፤ መፍትሔው ከፍቶ በወንፊት ሽቦ መጋረድ ነው። ጥድ ከሆነ በወስፌ ወግተው ሳይፈትኑ አሮጌውን ጣውላ መጣል ኃጢአት ይመስለኛል፤ የጥድ ልብ በባሕርዩ ምስጥን ይቋቋማልና ዛሬ በገበያ እንዲህ ያለውን ማግኘት አይቀልም። ቋሚውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም መድኃኒት አይደለም፤ ጤናን ይጎዳል፣ ምስጡንም በአፈር ቱቦው ከመውጣት አያግደውም። የሚያግደው እንጨቱን ከአፈር ለይቶ በድንጋይ ላይ ማቆም ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ የሚነገረው ተረት ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። «ፊውዙ ደካማ ስለ ሆነ ይቃጠላል፤ ወፍራም ሽቦ ብታስርበት ያርፋል» ይላሉ። ፊውዝ የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው፤ ሞቱ ለሌላው ቤዛ ነው። በአሮጌ ቤት መስመሩ መጀመሪያ የተዘረጋው ለአምፖል ነበር፤ ዛሬ በዚያው ላይ 3,500 ዋት ያህል የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይሰካበታል፣ ይኸውም በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ጣሪያው አቡጀዴ ኮርኒስ፣ ግድግዳው ደረቅ እንጨት በሆነበት ቤት የጋለ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻም። ምጣዱ ራሱን የቻለ መስመርና የመሬት ሽቦ ይፈልጋል፤ ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንጂ ባለቤቱ ራሱ አይንካው።

አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅም እንደ ቀላል ነገር ይቆጠራል። የቀድሞ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የተባለውን ማዕድን ሊይዙ ይችላሉ፤ አቧራውም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በአዲስ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው ስለዚህ ነው። አርጥቦ መፋቅ፣ ሕፃናትንና እርጉዝ ሴቶችን ከቤት ማራቅ፣ አቧራውንም በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ስንጥቅ። አንዱ ስንጥቅ ሁሉ የመፍረስ ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው በስቱኮ ደፍኖ ይረሳዋል፤ ሁለቱም ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይጨማደዳል፤ በላዩ የቆመውም ቤት ከዓመት ዓመት አብሮት ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚያሳስበው ተከፍቶ የማይመለሰው ነው። ይህን ለመለየት በስንጥቁ ላይ ጀሶ በትንሹ ለጥፎ ቀኑን መጻፍና አንድ ክረምትና አንድ በጋ መጠበቅ ይበቃል። እኔም በቤታችን በአምስት ቦታ ለጥፌ ጥቅምት 5 ብዬ ጻፍሁ። አራቱ እስከ ዛሬ አልተነኩም፤ በሰሜኑ ማዕዘን ያለው ግን በነሐሴ ለሁለት ተከፈለ፣ በጥርም አልገጠመም፤ ስለዚያ ማዕዘን መሐንዲስ ጠርቻለሁ።